የፈረመ ይቀመጥበታል

አጥናፉን መጥላት የጀመርኩት ዛሬ አይደለም፤ አርባ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ "ጎረቤቴ ነው" እላለሁ፣ ሌላ ምን ይባላል? በሩ ከበሬ ትይዩ ነው። በመካከላችን ያለው የድሮው የምድር ባቡር ሐዲድ ብቻ ነው። ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው የእሱን ፊት ነው፣ እሱም የኔን። የሁለታችንም ቀን የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው።

ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልናገር። አባቴ ደቻሳ የምድር ባቡር ጭነት ለኪ ነበር። በተራ ፉርጎ የማይገባ ትልቅ ዕቃ ሲመጣ፣ ትራንስፎርመርም ይሁን የድልድይ ብረት ወይም የፋብሪካ ማሽን፣ ግድግዳና ጣራ በሌለው ጠፍጣፋ ፉርጎ ላይ ይጫናል። አባቴ ስፋቱንና ከፍታውን ለክቶ በየዋሻውና በየድልድዩ ያልፋል ወይም አያልፍም ብሎ ይፈርማል። የዚያን ጊዜ የባቡር ሰዎች አንድ ሕግ ነበራቸው። በየትም ወረቀት ላይ አልተጻፈም፣ ግን ማንም አይሽረውም። የለካ ይፈርማል፣ የፈረመ ይቀመጥበታል። ፊርማውን ያኖረ ሰው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጭነቱ ላይ ይወጣና ጠባቡን ቦታ አብሮ ያልፋል። የሚነካ ከመሰለው ይነፋል። ተሳስቶ ከሆነ መጀመሪያ የሚደርሰው ለራሱ ነው። በዚህ ምክንያት ምድር ባቡር ውስጥ ሜትሩን አንዴ ብቻ ዘርግቶ የሚሄድ ለኪ አልነበረም።

እኔ ሸዋዬ ይህን ሥራ ከአባቴ ተማርኩ። በሃያ ሁለት ዓመቴ ረዳቱ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ጊዜ አባቴ ታሞ ተኝቶ ሳለ አንድ ትራንስፎርመር መጣ፤ እኔ ለካሁ። ለመፈረም እስክሪብቶ ሳነሣ የጭነት ካቦ የነበረው አጥናፉ ከእጄ ላይ ነጠቀኝ። "ሴት ጭነት ላይ አትቀመጥም። የማትቀመጥ ደግሞ አትፈርምም" አለ፣ ሠላሳ ሠራተኛ ቆሞ እየሰማ። ሳቁ። በወሩ ቲኬት መሸጫ ተዛወርኩ። ባቡሩ እስኪቆም ድረስ ሃያ አምስት ዓመት፣ እጅ ብቻ በምታሳይ ቀዳዳ ቲኬት ሸጥኩ። ይህን ይቅር የሚል ካለ ይቅር ይበል፤ እኔ አላልኩም።

በመካከላችን ሆና የምትኖረው ሚስቱ አየለች ናት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። በየሳምንቱ መጥታ ደም ግፊቴን ትለካለች። እሱ ለኔ የሚለው ነገር ካለ በእሷ በኩል ይላል፣ እኔም እንደዚሁ። "ለባልሽ ንገሪው፣ የጣራው ውኃ በሬ ላይ ይወርዳል።" "ሸዋዬ፣ ይሠራል ብሏል።" "መቼ?" "እሱን ደግሞ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።" ሐዲዱን እንዲህ ስትሻገር ኖረች። ሰፈሩ ባለፈው ዓመት ሲነሣ እኛ የሁለታችን ቤት የምድር ባቡር ይዞታ ነው ተብሎ ፋይሉ ለብቻው ስለቀረ ቀረን። ከዚያ ወዲህ በሬን የምታንኳኳ እሷ ብቻ ናት።

የድሮውን ጣቢያ ሙዚየም እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጎተራ አካባቢ ከአንድ የተዘጋ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ ግዙፍ የእንፋሎት ቦይለር አግኝተዋል። ቦይለሩ ድሮ የገባው በጠፍጣፋ ፉርጎ ተጭኖ በዚሁ ሐዲድ ነው። እንደ አመጣጡ ይመለስ፣ በዚያው ዘመን ፉርጎ ተጭኖ ለገሃር ይግባ፣ ካሜራም ይቅረጸው ተባለ። ሐዲዱን ከተቀበረበት አወጡ፣ የጎደለውን ብረት ከሌላ ቦታ አምጥተው ቀጠሉ። ፉርጎውንም ዝገቱን ፍቀው ቀለም ቀቡት።

ችግር የሆነው የኛ ቤት ነው። ባቡሩ ከቆመ በኋላ የሐዲድ ዳር ሰው ሁሉ ወደ ሐዲዱ ገፍቷል። እኔ ወጥ ቤት ቀጠልኩ፣ አጥናፉ መኝታ ክፍል። እሱ አንድ ክንድ ሲገፋ እኔም አንድ ክንድ እገፋ ነበር፤ እልህ ነው እንጂ ወጥ ቤቱስ ድሮም ይበቃኝ ነበር። ሁለቱ ግድግዳዎች ሐዲዱን መካከል አድርገው ተፋጠው ቀሩ። እዚያው እኛ ጋ ደግሞ ሐዲዱ ይታጠፋል። የኔ ቤት በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል፣ የእሱ በውጭው በኩል ነው።

አንድ ሰኞ ሰመረ የሚባል ወጣት መሐንዲስ መጣ። በሌዘር ለካና በወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ቀባ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"እትዬ ሸዋዬ፣ ማለቴ፣ ጭነቱ የእርስዎን ግድግዳ በስድስት ሳንቲም ይነካል።"

"ስድስት ሳንቲም ግድግዳ ፍቀህ እለፋ።"

"ግማሽ ማፍረስ የለም። ጭነቱ የማያልፍበት ቤት ለሴፍቲ ሲባል ሙሉ በሙሉ ይነሣል። ተለዋጭ ቤት ይሰጥዎታል፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ።"

"የሱስ?" አልኩ በአገጬ ወደ ማዶ እያሳየሁ።

"የአቶ አጥናፉ ሃያ ሁለት ሳንቲም ይተርፋል፤ ክሊን ነው።"

አጥናፉ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። የፕሮጀክቱ አማካሪ ተብሎ ቢጫ ሰደርያ ለብሷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ሁሉም ገባኝ።

ማታውን አየለች መጣች። የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ሳትጠቀልል ወሬ ጀመረች። "ሸዋዬ፣ አጥናፉ አትፍሪ በያት ብሏል። ቆሞ ሲለካ ወዳንቺ የተጠጋ ይመስላል እንጂ መታጠፊያው ላይ ጅራቱ ወደኛ ይወጣል፣ ካንቺ ግድግዳ ይሸሻል ይላል።"

"ብረት ይሸሻል?"

"እንደዚያ ነው ያለው። ለልጁም ነግሮታል፣ ልጁ በወረቀት አምጡ አለ እንጂ።"

"ባልሽ አርባ ዓመት አሞኝቶኛል፣ አሁን ደግሞ ብረት ይሸሻል ይለኛል። ንገሪው፣ ሌላ ሞኝ ይፈልግ።"

አየለች ዕቃዋን ሰብስባ ተነሣች። ግፊቴን ሳትለካኝ ሄደች።

በማግስቱ የአባቴን ሜትርና ቱንቢ ይዤ ጎተራ ወረድኩ። ዘበኛው "ማዘር ወዴት ነው?" አለኝ። "የቤቴን ገዳይ ላየው ነው" ብዬ ገባሁ። ቦይለሩ ፉርጎው ላይ በወፍራም ሰንሰለት ታስሯል፤ ርዝመቱ አሥራ አንድ ሜትር ይሆናል። ፊቱ ቀጭን ነው፤ እሳት የሚነድበት ሰፊው ጭንቅላት በስተኋላ ነው፣ ከፉርጎው ጎማዎች አልፎ ተንጠልጥሏል። ስፋቱ ሦስት ሜትር ከአርባ አራት። ሁለቴ ለካሁት። ቱንቢውን ጥዬ ደግሞ የፉርጎውን መካከል ፈለግሁ። ቦይለሩ መካከል አይደለም፤ አሥራ አራት ሳንቲም ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ነው የታሰረው። ወደ የት ጎን ቢሉ ወደኔ።

ከዚያ የሚቀጥለው የቀላል ሒሳብ ነገር ነው። በሁለታችን ግድግዳ መካከል ሦስት ሜትር ከስድሳ አለ። ቦይለሩ መካከል ቢቀመጥ አሥራ ስድስት ሳንቲም ይተርፋል፤ በየጎኑ ስምንት፣ ማለትም አንድ አንድ ጋት። ሁለቱም ቤት ይድናል። ይህን ሒሳብ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። አርባ ዓመት ጭነት የጫነ ሰው ካልሠራው አውቆ ነው።

በዚያው ታክሲ ይዤ በኦሎምፒያ አድርጌ ካዛንቺስ፣ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። ትንፋሼ ተቆርጦ ስገባ ሰመረና አጥናፉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

"ቦይለሩን ወደ ቤቴ የገፋው ማን ነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አለ አጥናፉ። ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ በቀጥታ የነገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

"የራስዎን ግድግዳ ለማዳን የኔን ያስፈርሳሉ?" አንተ ማለት አቅቶኝ አይደለም። ሰው ፊት አስተዳደጌን እንዳያነሣብኝ ነው።

"ጅራቱ ከጎማው ውጭ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሲታጠፍ ቂጡ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ውጭ ነው። ይሄም ሁለት ጋት ያህል ወደኔ ይመጣል። ስለዚህ አስቀድሜ ወዳንቺ ገፋሁት።"

"በየት ወረቀት ላይ ተሠርቶ ነው?"

"በዓይኔ ነው።"

ሰመረ እጁን አነሣ። "አቶ አጥናፉ፣ ማለቴ፣ ይሄን ነግረውኛል። ግን ዳታ የለኝም። እኔ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ፣ የባቡር አይደለሁም። ሌዘሩ ያሳየኝን ነው የማምነው፤ ሪስክ አልወስድም፣ በቃ።"

ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩለት። በጣቱ እየተከተለ አነበበና ፊቱ በራ። ቤት አይፈርስም፣ ደብዳቤ አይጠበቅም፣ ካሜራዎቹም ቅዳሜ መምጣት ይችላሉ። "ይሄማ ሲምፕል ነው፤ መካከል እናደርገዋለን" አለ።

አጥናፉ ሳቀ። ያንን የድሮውን ሳቅ አወቅሁት። "ዕድሜዋን ሙሉ ግቢ ውስጥ የቆመ ፉርጎ ነው የለካችው። አንድ ቀን እንኳ ጭነት ላይ ተቀምጣ መታጠፊያ አልፋ አታውቅም።"

"ማን ከለከለኝ?" አልኩት።

ሰመረ ስልኩን ማየት ጀመረ።

"እንግዲያው እሷ ትፈርም" አለ አጥናፉ ሰደርያውን እያወለቀ። "እኔ እጄን አላስገባም። የፈረመ ይቀመጥበታል። በእርምጃ ነው የሚሄደው፣ ፍሬኑ ላይ ወዳጆ አለ፤ ፊሽካ ከሰማ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ያቆመዋል። ቤቴን የማምነው በሷ ሒሳብ አይደለም፣ በፊሽካው ነው።"

ወዳጆ የድሮ ፍሬን ያዥ ነው፤ ጆሮውም ክንዱም ገና ደህና ነው። እኔም "እቀመጣለሁ" አልኩና እስክሪብቶውን አነሣሁ። አሁን የሚነጥቀኝ አልነበረም። ሸዋዬ ደቻሳ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ደስታዬን ምን ብዬ እነግራችኋለሁ፤ ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ እንኳ አላመመኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመሰላል ወጣሁ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ቀሚሴን በሱሪ ላይ አድርጌ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ፊሽካውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በቦይለሩ ሰፊ ጭንቅላት ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት አንድ ሎደር በገመድ ይጎትተናል። ፉርጎው ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሄደ። አጥሮች ከእግሬ ሥር ማለፍ ጀመሩ። መሿለኪያ አካባቢ ስንደርስ ሰው ሥራውን ትቶ ወጣ፣ ሁሉም ስልኩን አነሣ። አንዱ ጎረምሳ "ማዘር፣ ጨዋታ ነው!" ብሎ ጮኸልኝ። እጄን አነሣሁለት። አባቴ ይህን ሁሉ ዘመን ከዚህ ላይ ሆኖ ከተማውን ሲያይ እኔ በቀዳዳ እጅ ስቆጥር እንደኖርኩ አሰብኩ፣ ንዴቴም ታደሰ።

ወደ እኛ ጋ ስንደርስ ሁለቱም ቤት ባዶ ነው፤ ሰው እንዲወጣ ተነግሯል። አየለች ከሰመረ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች። አጥናፉ ግን ከግድግዳው ጥግ አልተነሣም። ዝም ብሎ ወደ ላይ ያየኛል። ሌላም ሕግ አለ፤ ጭነት ላይ ሰው ተቀምጦ ሳለ ከሥር ያለ አይጮህም። ሁለት ድምፅ ፍሬን ያዡን ያሳስተዋል። የሚናገረው ፊሽካው ብቻ ነው። ወዳጆም በፊት በኩል ስላለ ወደ ኋላ አያይም።

የቦይለሩ ፊት በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ገባ። ሆዱም ተከተለ። የትም አልነካም። እኔ የማየው የራሴን ግድግዳ ነው። አንድ ጋት ብዬ ነበር፣ አንድ ጋት ነው። ወደ ቀዩ ኤክስ ተጠጋሁ። በልቤ አጥናፉን እየሰደብኩት ነው። ድንገት ጋቱ አንድ ከሩብ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ተኩል። ግድግዳዬ ከኔ እየራቀ ነው። እሰይ፣ እንዲያውም ተረፈ አልኩ። ከዚያ ነው የገባኝ። በዚህ በኩል የተረፈው ከወዲያኛው ተቀንሶ ነው።

ዞርኩ። የቦይለሩ ጥግ ወደ አጥናፉ መኝታ ክፍል እየሄደ ነው። ሁለት ጣት ቀርቶታል። አጥናፉ ሁሉንም አይቷል። አልጮኸም። ሕግ አክባሪ ነው፣ ያው ነው። ሁለት ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ንፊ ማለቱ ነው።

ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን ግን እላለሁ፤ ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር፣ ደረቴም በአየር ተሞልቷል። ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆየሁ። ጊዜ አጥቼ አልነበረም፤ አየሁት፣ ለካሁት፣ አወቅሁት። እሱ ትክክል መሆኑንም አወቅሁ፤ እሱ እንዳሰረው ቢቀር ሁለታችንንም ሳይነካ ያልፍ ነበር። ያ ነው የባሰብኝ። አሁን ብነፋ ጭነቱ ይቆማል፣ ቦይለሩ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል፣ ሰመረም ሰዉም ሁሉ "አቶ አጥናፉ ብለው ነበር" ይላል። ሴት ጭነት ላይ አትቀመጥም ያለው ሰው እንደገና ልክ ይሆናል። እሱ ጣቱን አፉ ላይ እንዳደረገ ነው። እኔ አላየሁም ብዬ ፊቴን ማዞር እንኳ አልፈለግሁም። ዓይኑን እያየሁ ቆየሁ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ብረቱ ብሎኬቱን ሲነክስ ነፋሁ። ወዳጆ ወዲያው ፍሬኑን አሰረ፣ ግን ሁለት እርምጃ ሁለት እርምጃ ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። ቆርቆሮው ጎበጠ፣ አቧራው ሸፈነን። አቧራው ሲገለጥ አልጋቸው በብሎኬት ተሞልቶ፣ የአየለች ሰማያዊ ቁም ሣጥን ተገልብጦ ልብሷ ሐዲዱ ላይ ተበትኖ አየሁ። አየለች አላለቀሰችም። ልብሷን አንድ በአንድ እያራገፈች መሰብሰብ ጀመረች። ከቦይለሩ ላይ ሆኜ "አየለች" አልኳት። ቀና አላለችም።

ማክሰኞ ካዛንቺስ ተጠራን። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠየቁን። ከመግባታችን በፊት ሰመረ ኮሪደር ላይ ጎትቶ አናገረኝ።

"እትዬ ሸዋዬ፣ ጉዳዩ ይሄ ነው። የአቶ አጥናፉ ቤት ተነክቷል፣ በደንቡ ይነሣል፤ ያ አልቋል። የእርስዎ ግን በፊሽካው ነው። በሰዓቱ ተነፍቶ ከሆነ ፊርማዎ ይጸናል፣ ምልክቱን አጠፋለሁ። ዘግይቶ ከሆነ ልኬቱ ዋጋ የለውም፣ የእርስዎም ይነሣል። በቃ፣ እንደዚህ ነው።"

መጀመሪያ ወዳጆን ጠየቁት። "እንደሰማሁ አሰርኩ፤ መቼ ማየት እንዳለባት እኔ አላውቅም፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው" አለ። እኔን ጠየቁኝ። "እንዳየሁ ነፋሁ" አልኩ። ድምፄ ደህና ወጣ። ከዚያ ወደ አጥናፉ ዞሩ። ከሥር ቆሞ ሁሉንም ያየ እሱ ብቻ ነው። የአርባ ዓመት ካቦ ነው፤ የእሱን ቃል የሚያፈርስ የለም። ቤቴ አፉ ውስጥ ገባ። አሁን ጊዜው የእሱ ነው አልኩ፤ እኔ ብሆን አልምርም።

"በሰዓቱ ነፍታለች" አለ አጥናፉ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"በሰዓቱ ነፍታለች አልኩ።" ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

የዚያኑ ዕለት ሰመረ መጥቶ ኤክሱን በነጭ ቀለም ሸፈነው። ቤቴ ተረፈ። ለምን እንደሆነ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ፈርቶ ነው? አጥናፉ ምን ይፈራል። አርጅቶ ልቡ ለስልሶ ነው? ወይስ ያን እስክሪብቶ መንጠቁን አስታውሶ ካሳ መክፈሉ ነው? ይሄኛው አሳብ ቀስ በቀስ ደስ አለኝ። ለካስ ሲቆጨው ኖሯል አልኩ። ይቅርታ ቢለኝ ምን እንደምመልስለት እስከ ማሰብ ደረስኩ። አየለችን ልጠይቃት ብዬ በር በሩን አየሁ፤ አልመጣችም። ጠላ በጠመቅሁ ቁጥር የማታልፈኝ ሴት አሥር ቀን ሙሉ ሐዲዱን አልተሻገረችም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት አይሱዙ መጥቶ በራቸው ላይ ቆመ። ዕቃው ብዙ አልነበረም። ወዳጆና ሁለት ጫኞች ፍራሹንና ቁም ሣጥኑን አወጡ። አየለች ቀድማ ጋቢና ገብታ ተቀምጣለች። አጥናፉ በሰባ ስድስት ዓመቱ አሁንም ዕቃ የሚያስረው ራሱ ነው። ገመዱን እየሳበ ሳለ ሐዲዱን ተሻግሬ ሄድኩ። በሕይወቴ ወደዚያ ቤት ደጃፍ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

"ለምን ዋሸህ?" አልኩት። እርስዎ ማለቱ አለቀ።

ገመዱን ሳይለቅ አየኝ። "ጣቴን አፌ ላይ ሳደርግ አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"አይታኛለች ብዬ ነበር።" ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገ። "እኔ እውነቱን ልናገር ነበር። ስንት ትንፋሽ እንደቆየሽ ቆጥሬያለሁ፤ እሱን ልናገር ነበር የሄድኩት።"

"ታዲያ?"

"ያ መሐንዲሱ ልጅ ቀደም ብሎ ነግሮናል። ከአንድ ቦታ የተነሣ ሰው አንድ ሕንፃ ላይ፣ አንድ ኮሪደር ላይ ነው የሚመደበው። አንቺም ብትነሺ በር ለበር ልንሆን ነው።"

"ኧ፣ እሱን ፈርተህ ነው" አልኩ። ልስቅም ነበር።

"እኔ ምን ቸገረኝ?" አለ። "አንቺን ማየት ለምጄዋለሁ። አየለች ናት እግሬ ላይ የወደቀችው። አርባ ዓመት የሁለታችሁን መርዝ ሳመላልስ ኖሬያለሁ፣ ቤቴንም አስፈረሳችሁት፣ የቀረኝን ዕድሜ እንኳ ያቺን ሴት በሬ ላይ እንዳታመጣብኝ ብላ አለቀሰች። በሰዓቱ ነፋች በል፣ ትቅርልኝ አለች። እኔ እሷን እንቢ ብዬ አላውቅም።"

ወደ ጋቢናው ሄድኩ። አየለች የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ታያለች። "አየለች፣ ግፊቴን..." አልኳት። ሰምታኛለች። የመስኮቱን መዘውር ያዘችና ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ መስታወቱን እስከ ላይ ጠቅልላ ዘጋችው።

አይሱዙው በስታዲየም በኩል ለመውጣት ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ። በሳምንቱ የእነሱ ቤት ከነመሠረቱ ተነሣ፣ ወደ ኋላ ተጎትቶ የቆየው ቦይለርም በባዶው ቦታ ሰፋ ብሎ አለፈ። እንድቀመጥበት ጠይቀውኝ ነበር፣ እንቢ አልኩ። ቤቴ አለ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም።